የቤት ስቱዲዮ፦ ስንት ኪሎኸርዝ፣ ስንት ቢት?

ደሴም ኮምቦልቻም ሆናችሁ ቤታችሁ በኮምፒውተር ለምትቀርጹ፦ ስለ ቅጂ ጥራት ያላችሁን ጠይቁ፣ እስከ ማታ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። ፕሮግራሙ ከ44.1 እስከ 192 ኪሎኸርዝ ምረጥ ይለኛል። ትልቁን ልያዝ?

መልስ፦ ተወው። የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20 ኪሎኸርዝ ነው የሚሰማው። ያ የምትመርጠው ሳምፕል ሬት (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ) ደግሞ እስከ ራሱ ግማሽ ያለውን ድምፅ ይይዛል፤ 48 ብትመርጥ እስከ 24 ገባልህ ማለት ነው፣ ለጆሮ ይተርፋል። 192 ፋይሉን አራት እጥፍ ያሳብጠዋል፣ ፕሮሰሰሩንም ያደክመዋል። ቪዲዮ የሚሠራለት ከሆነ 48፣ ድምፅ ብቻ ከሆነ 44.1ም ይበቃል። ቢቱን (እያንዳንዱ ልኬት በምን ያህል ጥራት እንደሚጻፍ) ግን 24 አድርገው፤ እዚህ ላይ አትደራደር።

ጥያቄ፦ 24 ቢት ከ16 በምን ይሻላል? ስሰማው ልዩነቱ አይታወቀኝም።

መልስ፦ እህቴ፣ ጥቅሙ የሚታየው ስትቀርጪ ነው። አንድ ቢት በደካማውና በኃይለኛው ድምፅ መሀል 6 ዴሲቤል ገደማ ቦታ ይሰጣል፤ 16 ቢት ወደ 96፣ 24 ቢት በስሌት 144 ይደርሳል። ስለዚህ በ24 ዝቅ አድርገሽ ብትቀርጪም ኋላ ከፍ ስታደርጊው አይሻክርም።

መንዙማ እንውሰድ። መሪው ለስለስ አድርጎ ይጀምራል፣ ከዚያ ተቀባዩና ከበሮው ባንዴ ይገባል። ጌይኑን (ማይኩ የሚገባበትን የድምፅ መጠን) በዜማው መግቢያ ከለካሽ ከበሮው ሲመታ ቀዩ መብራት ይበራል፣ የሞገዱ ጫፍ ተቆርጦ ይቀራል። የተቆረጠውን ደግሞ በትክክል የሚመልስ ፕለጊን (በመቅረጫው ላይ የሚጨመር ፕሮግራም) የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ኃይለኛውን ክፍል እንዲሉት አድርጊ፤ ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ (ከመለኪያው ጣሪያ) በታች ከ12 እስከ 10 ዴሲቤል ላይ ይቁም። ዋናው ቅጂ ሲጀመር ሰው ድምፁን ይጨምራል፣ የተውሽው ቦታ ለዚያ ነው።

ጥያቄ፦ 32 ቢት ፍሎት ብመርጥስ?

መልስ፦ ፍሎት ጣሪያው በጣም ሰፊ የሆነ አጻጻፍ ነው፤ ግን ኢንተርፌስህ (ማይኩን ከኮምፒውተሩ የሚያገናኘው ዕቃ) ራሱ በ32 ፍሎት የሚቀርጽ ካልሆነ፣ ማይኩ መግቢያ ላይ የተቆረጠውን አያድንህም። ለሚክስ (ትራኮቹን ለማዋሃድ) ግን ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነኝ። ቅንብሩ በፍላሽ መጣልኝ፣ ስከፍተው ፈጠነ፣ ቀጠነም።

መልስ፦ አብሽር፣ ፋይሉ አልተበላሸም። በ44.1 የተሠራውን በ48 እያጫወትከው ነው፤ ወደ 9 በመቶ ይፈጥናል፣ ከግማሽ ቶን በላይም ከፍ ይላል። ዘፋኙ በዚያ ላይ ትዝታ ቢያወጣ ቅኝቱን ይዞ ከቦታው ይሸሻል። ስታስገባው ፕሮግራሙ ወደ 48 እንዲቀይረው አድርግ። የፕሮጀክቱ፣ የኢንተርፌሱና የዊንዶውሱ ቁጥር አንድ መሆኑንም እይ።

ጥያቄ፦ ሄድፎን ላይ ድምፄ ዘግይቶ ይሰማኛል።

መልስ፦ ችግሩ በፈር የሚባለው ነው፤ ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማሳለፉ በፊት የሚያጠራቅመው የሳምፕል ብዛት። በ48 ኪሎኸርዝ 1024 ብቻውን 21 ሚሊሰከንድ ያዘገያል፤ 128 ግን ከ3 በታች ነው። ስትቀርጽ 128፣ ከተንጣጣ 256፤ ሚክስ ላይ 1024። የኢንተርፌሱን የራሱን አሲዮ ድራይቨር (በዊንዶውስ መዘግየቱን የሚቀንስ ማገናኛ ፕሮግራም) ጫን።

ጥያቄ፦ ደሴ ቤቴ ቆርቆሮ ነው፣ ክረምት ላይ ዝናቡ ይገባብኛል። 96 ባደርገው ይቀንሳል?

መልስ፦ ዝናቡንም አጥርቶ ይቀርጽልሃል እንጂ አይቀንስም። ጠዋት ቅረጽ፤ በክረምት ዝናቡ የሚበረታው ብዙ ጊዜ ከሰዓት ነው። ኮንደንሰሩን (የሩቁንም ድምፅ የሚለቅመውን ማይክ) ትተህ ዳይናሚክ ማይክ (የቅርቡን የሚይዘውን) ከአፍ አራት ጣት ያህል አስጠጋ፣ ከዘፋኙ ጀርባ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ስቀል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ሙቀቱን ታግሳችሁ ቬንትሌተሩን እስኪቀረጽ አጥፉት።

ጥያቄ፦ ሃርድ ዲስኬ ትንሽ ነው፣ በኤምፒስሪ ልቅረጽ?

መልስ፦ በዌቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ በሚይዘው ፋይል) ቅረጽ። አንድ ሞኖ ትራክ በ24 ቢት፣ በ48 ኪሎኸርዝ በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ነው፤ 12 ትራክ ያለው የ5 ደቂቃ ዘፈን 520 ገደማ ይሆናል። ኤምፒስሪ በቴሌግራም ለማስደመጥ ይሁን። ዴስክቶፕ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ ረጅም ቅጂ አትጀምር፤ መብራት መሀል ላይ ከሄደ ዌቩ ሳይዘጋ ይቀርና አልከፈትም ሊልህ ይችላል።