ስለ ጂአይኤስና ስለ ድረ ገጽ ካርታ ጠይቁኝ፦ ከጎንደር

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ቃል እንደገባሁት ዛሬ ቅዳሜ ከሰዓት ቁጭ ብዬ ስለ ጂአይኤስ የምትጠይቁትን እመልሳለሁ። እንጀራዬ ካርታ ነው። ቡናው ተፈልቷል፣ መብራትም እስካሁን አለ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጂአይኤስ የሚባለው ያው ጉግል ማፕ አይደለም እንዴ?

አይደለም ወንድሜ። ጉግል ማፕ መንገድ ይነግርሃል፤ ፒያሳ ቆመህ አዘዞ እንዴት እንደምትደርስ። ጂአይኤስን ግን ቦታ ያለው ሰንጠረዥ በለው። ኤክሴል ላይ 300 የውኃ ቦኖ መዝግበሃል እንበል፤ ስሙን፣ የተሠራበትን ዓመት፣ መሥራት አለመሥራቱን። እያንዳንዱ መስመር ላይ ኬክሮስና ኬንትሮስ ስትጨምርበት ሰንጠረዡ ካርታ ይሆናል። ከዚያ «ከሚሠራ ቦኖ ከ500 ሜትር በላይ የሚርቁ ቤቶች የትኞቹ ናቸው?» ብለህ ትጠይቀዋለህ፣ እሱም ለቅሞ ያወጣልሃል። ጉግል ማፕን ይህን ብትጠይቀው ዝም ነው።

እዚህ የጤና ተማሪዎች ስለምትበዙ አንድ ነገር ልጨምር። በ1854 ሎንዶን ውስጥ ዶክተር ጆን ስኖው በኮሌራ የሞቱትን ሰዎች ቤት እየፈለገ ካርታ ላይ ምልክት አደረገ። ምልክቶቹ ብሮድ ስትሪት ላይ ባለች አንዲት የውኃ ፓምፕ ዙሪያ ተከመሩ። ኮምፒውተር የለ፣ ሳተላይት የለ፤ ሐሳቡ ግን ዛሬ ከምንሠራው አይለይም። ነገሩ ወደ ኮምፒውተር የገባው በ1960ዎቹ ካናዳ ውስጥ ነው፣ ሮጀር ቶምሊንሰን በሚባል የጂኦግራፊ ባለሙያ።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ያረጀ ነው፣ 4 ጊጋ ራም ብቻ ነው ያለው። ሶፍትዌሩንስ በስንት ብር ልገዛ ነው?

አትግዛ። ኪውጂአይኤስ ነፃ ነው፣ ከ2002 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች እየሠሩት እዚህ አድርሰውታል። በ4 ጊጋ እያቃሰተ ይሠራል፣ ትልልቅ የሳተላይት ምስል ካልጫንክበት። ማውረጃው ግን ከ1 ጊጋ ባይት በላይ ስለሆነ በሞባይል ዳታ እንዳትሞክረው፤ ያለው ሰው ፈልግና በፍላሽ ውሰድ። ብዙ ሰው አርክጂአይኤስ ካልተማርኩ ይላል። እሱም ጥሩ ነው፣ ግን ፈቃዱ ውድ ነው፣ የተሰበረ ቅጂ ይዞ መኖር ደግሞ ከቫይረስ ጋር መኖር ነው።

ጥያቄ፦ ገጠር ስወጣ ዳታ የለም። ጂፒኤሱ ያለ ዳታ ይሠራል?

ይሠራል! ስልክህ የሚሰማው ሳተላይቱን እንጂ ቴሌን አይደለም። ቢያንስ 4 ሳተላይት ካገኘ ቦታህን ያሰላል። ዳታ የሚበላው ከሥሩ የሚታየው ካርታ ነው፣ እሱን ደግሞ ከተማ እያለህ አውርደህ መያዝ ነው። ኪውፊልድ ወይም ኮቦ ኮሌክት (ነጥብና መረጃ በስልክ የሚመዘግቡ መተግበሪያዎች ናቸው) ጭነህ ውጣ። ደብዳቤም ይዘህ ውጣ እባክህ፤ ሰው ማሳ ላይ ስልክ አንጋጦ የሚዞር እንግዳ አይወደድም፣ እውነታቸውን ነው።

ጥያቄ፦ የሰበሰብኩት ነጥብ ካርታው ላይ ሳስቀምጠው ፈቀቅ ብሎ ይወድቃል። ወንዙ ዳር ያለው ትምህርት ቤት ወንዙን ተሻግሮ ቁጭ! ስልኬ ነው የተበላሸው?

ስልክሽ ደህና ነው እህቴ። ይህ ከሁሉም ጥያቄ የምወደው ነው፣ እኔ ራሴ ተቃጥዬበታለሁና።

የዛሬ ስንት ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት የምንጮች ዝርዝር ሰጠን። ቁጥሩ ንጹሕ፣ ማኅተሙ የደመቀ። ከጓደኛዬ ጋር ዳገቱን ወጥተን ስልኩ «ደርሳችኋል» ሲለን ያለነው ሽንብራ መካከል ነው። ውኃ የሚባል ነገር የለም። ከብት የሚጠብቁ አንድ አባት አዩንና «ምን ጠፋባችሁ ልጆቼ?» አሉን። ምንጭ አልናቸው። በበትራቸው ወደ ሰሜን ምሥራቅ እያሳዩ «ምንጩማ ያውና፣ ከግራሩ ሥር» አሉ። የሁለት መቶ ምናምን ሜትር ልዩነት። ቀጣዩም ምንጭ በዚያው ልክ፣ በዚያው አቅጣጫ ፈቀቅ ብሏል።

ምክንያቱ ዳተም ነው። መሬት ድፍን ክብ ስላልሆነች ለመለኪያ የሚሆን ቅርጽና መነሻ ይመረጥላታል፤ ዳተም የሚባለው ይህ ነው። የቆዩት የኢትዮጵያ 1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው ዳተም ነው፤ ስልክሽ ደግሞ የሚጠቀመው ደብሊውጂኤስ 84ን ነው። በዩቲኤም (ዓለምን በዞን ከፍሎ ቦታን በሜትር የሚጽፍ ዘዴ ነው) የተጻፈን የአዲንዳን ቁጥር እንደ ደብሊውጂኤስ ካነበብሽው እኛ አገር ነጥቡ ከ200 ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይሸሻል። ስለዚህ ፋይል ሲሰጡሽ መጀመሪያ «በምን ዳተም ነው?» በዪ። ኪውጂአይኤስ ውስጥ ለእኛ አካባቢ አዲንዳን ዩቲኤም ዞን 37 ቁጥሩ 20137 ነው፣ ደብሊውጂኤስ 84 ዩቲኤም ዞን 37 ደግሞ 32637። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ግድግዳ ላይ ለጥፊያቸው።

ሌላም መለያ አለ። የጎንደር ከተማ ነጥብ በዲግሪ ከሆነ 12.6 እና 37.4 ገደማ ታያለሽ። በዩቲኤም ሜትር ከሆነ አንዱ 330 ሺህ አካባቢ ነው፣ ሌላው 1 ሚሊዮን 390 ሺህ አካባቢ። እና ሥራሽ ወደ ቋራ፣ ወደ አላጥሽ ፓርክ ከወረደ ጠንቀቅ በዪ፤ 36ኛውን ኬንትሮስ ስትሻገሪ ዞኑ 36 ይሆናል።

ጥያቄ፦ በአማርኛ የጻፍኩት ስም ሁሉ ???? ሆነብኝ። አልቅሻለሁ።

አይዞህ፣ ሁላችንም አልቅሰናል። ጥፋተኛው ሼፕፋይል የሚባለው የፋይል ዓይነት ነው። ሲጀመር አንድ ፋይል አይደለም፤ ቢያንስ ሦስት ፋይል አብረው ይሄዳሉ፣ አንዱን ረስተህ በቴሌግራም ከላክህ አይከፈትም። ሲቀጥል የዓምድ ስም ከ10 ባይት አያልፍም። አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ነው፣ የእኛ ፊደል ግን በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተር ፊደል የሚያስቀምጥበት ኮድ፣ ኢንኮዲንግ የሚባለው) እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ለዓምድ ስም የምታገኘው ሦስት ፊደል ብቻ ነው። እኔ አንዴ «የምንጩ_ስም» ብዬ ሰይሜ ስከፍተው «የምን» ብሎ ጠበቀኝ። የምን? የምን ብሎ ይጠይቀኛል እንዴ!

መፍትሔው ቀላል ነው። ሼፕፋይልን ተወው፣ ጂኦፓኬጅ ብለህ አስቀምጥ። አንድ ፋይል ነው፣ አማርኛውን እንዳለ ይይዛል። ከኤክሴል ስታወጣም «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ምረጥ። የተበላሸው ፋይልህ የሚያሳየው የተዘበራረቀ የፈረንጅ ምልክት ከሆነ ኢንኮዲንጉን ወደ ዩቲኤፍ-8 ስትቀይረው ሊመለስ ይችላል። እውነተኛ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ከተቀመጠ ግን ፊደሉ ሄዷል፣ ወደ ወረቀቱ ተመለስ። ወረቀቱን አልጣልከውም አይደል?

ጥያቄ፦ የጎንደርን 44 ታቦት በድረ ገጽ ካርታ ላይ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ፣ ሰው ሲነካው ስሙና ፎቶው እንዲወጣ። ከየት ልጀምር?

ይህን የጠየቅህ ሰው ተባረክ። ከቴክኖሎጂው በፊት ዝርዝሩን ጨርስ፤ የ44ቱን ስም ሦስት ሰው ብትጠይቅ ሦስት ዓይነት ዝርዝር ይሰጡሃል፣ ካህናቱ ዘንድ ቁጭ ብለህ ለየው። ከዚያ እየዞርክ በስልክ ነጥብ ውሰድ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስትሄድ ከቅጥሩ ወፍራም ግንብና ከዛፉ ሥር አትቁም፣ ሰማዩ ከተሸፈነ ነጥቡ ይዋልላል።

ካርታው የሚሠራው እንዲህ ነው። ስልክ ላይ የምታየው ካርታ አንድ ትልቅ ምስል አይደለም፤ ታይል የሚባሉ 256 በ256 ፒክስል የሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ተገጣጥመው ነው። ዓለም በሙሉ በዙም 0 አንድ ካሬ ነው። አንድ ደረጃ ስትቀርብ 4 ይሆናል፣ ቀጥሎ 16። በዙም 18 ከ68 ቢሊዮን በላይ ይደርሳል። ስልክህ የሚያወርደው ዓይንህ ፊት ያሉትን ጥቂቶቹን ብቻ ስለሆነ ነው በእኛ ኔትወርክ እንኳ የሚከፈተው። ታይሉን ከኦፕን ስትሪት ማፕ (ሰው ሁሉ ገብቶ የሚሠራው የዓለም ካርታ ነው) ውሰድ፣ ስማቸውን ከካርታው ሥር መጻፍ ግን ግዴታ ነው። በላዩ ነጥቦችህን የሚያስቀምጥልህ ሊፍሌት የሚባል ለድረ ገጽ ካርታ የተዘጋጀ ኮድ ነው፤ ዩክሬናዊው ቮሎዲሚር አጋፎንኪን በ2011 ያወጣው፣ 40 ኪሎ ባይት ገደማ የሆነ ቀላል ነገር። ከአንድ ፎቶ ያንሳል።

ነጥቦቹን ጂኦጄሰን በሚባል ፋይል ትጽፋቸዋለህ፣ ማጥመጃው እዚህ ነው ያለው። ጂኦጄሰን ኬንትሮስን ያስቀድማል፤ 37.47 ከዚያ 12.60። ሊፍሌት ውስጥ በቀጥታ ስትጽፍ ግን ኬክሮሱ ይቀድማል። አንዱን ገልብጠህ ከጻፍከው አርባ አራቱም ታቦት ሲሲሊ ደቡብ ባሕሩ ውስጥ ይገባልሃል። እኔ የፋሲል ግንብን እዚያ ሰጥሞ አግኝቼዋለሁ። ጣሊያን ቤት ድረስ ሄዶ!

ጥያቄ፦ ከአንገረብ ግድብ በላይ ያለውን መሬት ለመመረቂያ ጽሑፌ ላጠና ነው። ምስል በነፃ ይገኛል?

ሞልቷል። የከፍታ መረጃውን ኤስአርቲኤም ከሚባለው ውሰጂ፤ በ2000 ዓ.ም. መንኮራኩር ለ11 ቀን እየዞረ የለካው ነው። ውኃው ከየት ተነሥቶ ወደ ግድቡ እንደሚወርድ ከእሱ ይሰላል። ለተክልና ለእርሻ ሴንቲኔል-2 የሚባለው ሳተላይት አለልሽ፣ አንድ ፒክስሉ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው። ሐምሌና ነሐሴን ግን እርሺው፣ ደመና ብቻ ነው የምታዪው። ጥቅምትን ውሰጂ። የግድ ክረምቱ ካስፈለገሽ ደመና የማይከለክለው ራዳሩ ሴንቲኔል-1 ነው፣ ማንበቡ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ የአባቴን ማሳ በስልክ ልለካው? ከጎረቤት ጋር ድንበር ላይ ትንሽ ነገር አለን።

ለማወቅ ያህል ለካ፣ ለሙግት ግን እንዳትታመንበት። ስልክ ሰማይ በተገለጠበት ቦታ እንኳ 5 ሜትር ገደማ ይስታል። ማሳው 50 በ50 ቢሆን አንዱ ጎን 5 ሜትር ገባ ቢል 250 ካሬ ሜትር ጠፋ ማለት ነው። በ250 ካሬ ሜትር ስንት ሰው ተኳርፏል። ሜትር ገመድና ሽማግሌ ይሻልሃል፣ ካልሆነም ቀያሽ።

ጥያቄ፦ ቀን የሚለው ዓምድ ላይ የካቲት 30 ብዬ ስሞላ እምቢ አለኝ።

ፈረንጁ ፌብሩዋሪ 30 የለውማ። ጳጉሜንንም አያውቃት። ሁለት ዓምድ አድርግ፤ አንዱ የፈረንጅ ቀን፣ ሌላው የእኛው በጽሑፍ።

ጥያቄ፦ ጂአይኤስ ብማር ሥራ አገኛለሁ?

ጂአይኤስ ብቻ ይዘህ ከወጣህ ይከብዳል። ጤና አውቀህ ወይም እርሻ አውቀህ ወይም ውኃ አውቀህ በላዩ ካርታ ከጨመርክ ግን ትፈለጋለህ።

ጥያቄ፦ የሰፈራችን ስም ካርታው ላይ ተሳስቶ ነው የተጻፈው። ማን ያርመው?

አንቺ። ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ በኢሜይል ተመዝግበሽ ገብተሽ ታርሚዋለሽ፤ ለአማርኛ ስም የራሱ ቦታ አለው፣ በላቲን ፊደል እያጣመምሽ አትጻፊ። ከጉግል ማፕ ግን አትቅጂ፣ ፈቃዱ አይፈቅድም። ስሙን ከሰው ነው የሚወሰደው። እኛ ከተማ አድራሻ ማለት «ከጃንተከል ዋርካ ወረድ ብሎ» ነው፤ አንድ መታጠፊያ ወጣቱ በካፌው ስም ይጠራዋል፣ እናትሽ ደግሞ ካፌው ሳይኖር በነበረው ስም። ኦፕን ስትሪት ማፕ ለቀድሞ ስምም ቦታ አለው፣ ሁለቱንም ጻፊ። ግን የእናትሽን መጀመሪያ ጠይቂያት፣ የካፌው እንደሆነ ታፔላው ላይ አለ።