ተውሳኩ በምን ሞተ? ለወባ መድኃኒት ምርምር ለምትነሱ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

የወባን ተውሳክ ሳሳድግና ስገድል ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ከመካከላችሁ አንዳንዶቹ እየመጣችሁ «መድኃኒቱ የሚመታውን የተውሳኩን ክፍል፣ ማለትም ዒላማ፣ የትኛውን ብይዝ ይሻላል?» ትሉኛላችሁ። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ተውሳኩ ስብን እንዴት እንደሚያገኝና እንደሚጠቀም በማጥናት ስለሆነ፣ መልሴም የሚነሣው ከዚያው ነው።

ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ የሚገባበት ቀይ የደም ሕዋስ ባዶ ቤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የበሰለ ቀይ የደም ሕዋስ ኒውክሊየስ የለውም፣ አዲስ ስብም አይሠራም። ተውሳኩ ግን በ48 ሰዓት ውስጥ ከአንድ ወደ 16 ወይም ከዚያ ወደሚበልጥ ቁጥር ሲባዛ እያንዳንዱን ልጅ ሽፋን ማልበስ አለበት፤ ስለዚህ በሕዋሱ ውስጥ ያለው ፎስፎሊፒድ፣ ማለትም የሽፋን ስብ፣ ብዙ እጥፍ ይጨምራል። ከዚህም ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ፎስፋቲዲልኮሊን የሚባለው ዓይነት ነው። ተውሳኩ ለዚህ ስብ መሥሪያ የሚሆነውን ኮሊን ከደም ፈሳሽ ይስባል፤ ይህም እንዳያንሰው ሴሪን ከሚባለው አሚኖ አሲድ ተነሥቶ ፎስፎኮሊንን ራሱ የሚያዘጋጅበት፣ በዕፅዋት ዘንድ የሚገኝ በሰው ዘንድ ግን የሌለ መንገድ አለው። መድኃኒት ፈላጊዎች ዓይናቸውን የጣሉበት ምክንያት ይኸው ነው፤ እኔም በወጣትነቴ በዚሁ ተስቤ ገባሁ።

ገና ጀማሪ ሳለሁ ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። ያን ጊዜ ተውሳኩን የምናሳድገው፣ ትሬገርና ጄንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1976 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ባስተዋወቁት ዘዴ፣ ሻማ አብርተን በምንከድነው የመስታወት ዕቃ ውስጥ ነበር። አንድ ሳምንት የምሞክረው ውሕድ ተውሳኩን ድምጥማጡን አጠፋው። ጂምሳ በሚባለው ቀለም የተቀባውን ስላይድ ሳይ የቀሩት ጠቁረውና ተኮማትረው ነበርና በደስታ ለአለቃዬ ሮጬ ነገርኩ። እሳቸው ግን መድኃኒት ያልገባበትን ማነጻጸሪያ ሳህን አምጣ አሉኝ። እዚያም ሞተዋል! ለካስ በሴረም (በደም ፈሳሽ) ፋንታ የጨመርኩት አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን፣ ፋቲ አሲዱ (ስብ የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ) ተለይቶ የወጣለት ዓይነት ኖሯል፤ ጠርሙሱ ላይ ተጽፎ ሳለ አላነበብኩትም። ፓልሚቲክና ኦሌይክ አሲድ አብሬ ስጨምርበት በቀጣዩ ዙር ተውሳኩ እንደገና አደገ። ኀፍረቱ ቶሎ አልለቀቀኝም፤ ነገር ግን ተውሳኩ የሞተው በምን እንደሆነ ለማወቅ የከለከላችሁትን መልሳችሁ ስጡት የሚለውን ዘዴ ያወቅኩት በዚያን ቀን ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ ተውሳኩ ከቀይ አልጌ የወረሰው፣ አፒኮፕላስት የሚባል ባለ አራት ሽፋን ክፍል እንዳለው ታወቀ፤ በውስጡም እንደ ባክቴሪያ ያለ የፋቲ አሲድ ማምረቻ መንገድ ተገኘ። በ2001 ደግሞ በሳሙናና በጥርስ ሳሙና ውስጥ የነበረው ትሪክሎሳን የዚህን መንገድ አንድ ኢንዛይም፣ «ፋብ አይ» የሚባለውን፣ በመዝጋት ተውሳኩን እንደሚገድል ተጻፈ። ብዙዎቻችን የያዝነውን ሥራ ትተን ወደዚያ ተጓዝን። በ2008 እና በ2009 የኢንዛይሙን ጂን ከተውሳኩ አውጥተው ቢያዩ፣ ተውሳኩ በደም ውስጥ ያለ ችግር አደገ፤ ትሪክሎሳንም ኢንዛይሙ የሌለውን ተውሳክ ልክ እንደሌላው ገደለው። መድኃኒቱ ይገድላል፣ ዒላማው ግን ሌላ ነበር ማለት ነው። መንገዱ ለተውሳኩ ግድ የሚሆነው በጉበት ውስጥ ባለው ዘመኑ መጨረሻ ላይ ነው፤ ይህ ደግሞ ለመከላከያ ይጠቅም ይሆናል እንጂ ትኩሳት ይዞት ለመጣው ሕመምተኛ አይደርስለትም።

በአንጻሩ በ2011 የተሠራውን ዬህና ዴሪዚ የተባሉ ተመራማሪዎችን ሙከራ ተመልከቱት፤ እኔ ቢቻለኝ ለእያንዳንዱ ተማሪ አስነብበው ነበር። ተውሳኩ በደም ውስጥ ሳለ ከአፒኮፕላስት የሚፈልገው አይሶፕረኖይድ የሚባሉት የስብ ዓይነቶች የሚሠሩበትን ጥሬ ዕቃ ብቻ መሆኑን ያሳዩት፣ ያንኑ ከውጭ በመስጠት ነው፤ ክፍሉ ሙሉ በሙሉ የጠፋበት ተውሳክ እንኳ ይህን እያገኘ ኖረ። ፎስሚዶማይሲን የተባለው መድኃኒት በእርግጥ በዚያ መንገድ እንደሚገድልም በዚሁ ይፈተናል።

ዒላማውን በትክክል ማወቅ ግን መድኃኒት ማግኘት አይደለም። በፈረንሳይ ሞንፔሊዬ የኦንሪ ቪያል ቡድን ኮሊንን የሚመስሉ ውሕዶች ሠርቶ በወባ የታመሙ ጦጣዎችን በጥቂት መጠን መድኃኒት ፈወሰ፤ ከእነዚያ የተገኘው አልቢቲያዞሊየም በአፍሪካ ሕመምተኞች ላይ ብቻውን ሲሞከር በቂ ሆኖ አልተገኘም። ሌላው ለእኛ የቀረበ ነው። በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የኬሊ ቺባሌ ቡድን ያወጣው ኤምኤምቪ048 የተባለ ውሕድ የሚዘጋው በሽፋን ስብ ላይ ፎስፌት የሚጨምረውን ፒአይ4 ካይኔዝ የተባለ ኢንዛይም ነው፤ ይህም የታወቀው፣ ከሌሎች ማስረጃዎች ጋር፣ ተውሳኩ መድኃኒቱን እንዲቋቋም ከተደረገ በኋላ የተለወጠው ጂን ተነብቦ ነው። ውሕዱ በጎንደርና በጅማ፣ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ በተባሉት ሁለት የወባ ተውሳክ ዓይነቶች በተያዙ ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ ተውሳኩን ቀንሷል። ይሁንና በእንስሳት ጥናት በጽንስ ላይ በታየ የመርዛማነት ስጋት ልማቱ ቆመ። በዚህ አዝኛለሁ፣ ግን ውሳኔው ተገቢ ነው፤ የወባ መድኃኒት ነፍሰ ጡር ሴትም የምትውጠው ነውና።

በመጨረሻ ስለ ስብ ሥራ የተለየ ጥንቃቄ የሚሻ አንድ ነገር አለ። በ2017 እንደታየው በደም ውስጥ ያለው ላይሶፎስፋቲዲልኮሊን የተባለ ስብ ሲያንስበት ፋልሲፓረም መባዛቱን ትቶ ወደ ትንኝ የሚተላለፈውን ጋሜቶሳይት ማፍራት ይጀምራል። ስለዚህ የስብ መንገድን የሚዘጋ ውሕድ በእጃችሁ ሲገባ፣ በ48 ሰዓት የቀለበቶቹ፣ ማለትም ቀለበት የሚመስሉት ለጋ ተውሳኮች፣ ቁጥር መቀነሱን አይታችሁ ሳህኑን አትድፉት። የማጭድ ቅርጽ ያላቸው ጋሜቶሳይቶች እስኪበስሉ አሥር ቀንና ከዚያ በላይ ይፈጃሉና፣ መድኃኒት ያልገባበትን ሳህን ከጎኑ አድርጋችሁ፣ ተውሳኩ የሚያድግበትን ፈሳሽ በየቀኑ እየቀየራችሁ ሁለት ሳምንት አቆዩት፤ ከዚያ ስላይዱን ቅቡና ቀለበቶቹንና ጋሜቶሳይቶቹን ለየብቻ ቁጠሩ።