ጥያቄና መልስ፦ ቤት የሚፈታ፣ ትምህርት ቤት የሚተሳሰር አንደበት

በዚህ ሰሞን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አምስቱ በተቀራራቢ ጉዳይ ላይ፣ ማለትም በልጆች ዝምታ፣ በኦቲዝምና ስሜትን በቃል ለመግለጽ በመቸገር ላይ ስለሆኑ አንድ ላይ አቀርባቸዋለሁ። በመልሶቹ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የ6 ዓመት ልጄ ቤት ውስጥ ስትዘፍን ጎረቤት ይሰማታል፤ ትምህርት ቤት ግን ከመስከረም ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። መምህሯ «እልኸኛ ናት» ትላለች፣ እህቴ «ኦቲዝም ነው» ትለኛለች። የማንን ልስማ? (እናት፣ ከጅማ ቦሳ አዲስ)

መልስ፦ የመምህሯን በፍጹም አይቀበሉ፤ የእህትዎን ደግሞ ሳይጣራ አይያዙ። የገለጹልኝ ሁኔታ ሰሌክቲቭ ሚውቲዝም ከሚባለው ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል፤ ይኸውም ልጁ ከሚቀርባቸው ሰዎች ጋር እንደ ልቡ እያወራ፣ መናገር በሚጠበቅበት ሌላ ቦታ ግን አንደበቱ የሚተሳሰርበት የጭንቀት ሕመም ነው። «መራጭ ዝምታ» ብለው የሚተረጉሙት አሉ፤ ልጁ ዝምታን ወዶ የያዘ ስለሚያስመስለው እኔ አልወደውም። በእርግጥ የመምህሯ ስህተት የቆየ ስህተት ነው፦ ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ኩስማውል በ1877 ሁኔታውን ሲገልጽ በፈቃድ የሚደረግ ዝምታ አድርጎ ነበር የሰየመው፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ ከጭንቀት ሕመሞች ተርታ የመደበው ገና በ2013 ነው።

ኦቲዝም (ከልጅነት የሚጀምር፣ ከሰው ጋር መግባባትንና ጠባይን የሚነካ የእድገት ሁኔታ) መኖር አለመኖሩን ለመለየት ዝም የምትልበትን ሳይሆን የምትናገርበትን ቦታ ይመልከቱ። እቤት፣ ደስ ባላት ሰዓት፣ የእርስዎን ንግግር ተቀብላ ትመልሳለች? የምትፈልገውን በእጇና በዓይኗ ታሳያለች? ወይስ እዚያም ወሬዋ በአንድ ነገር ላይ ብቻ ይመላለሳል፣ የለመደችው ሥርዓት ሲለወጥ ትታወካለች፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ሲወርድ ጆሮዋን ይዛ ትደበቃለች? ሁለተኛው ከበዛ የኦቲዝም ምርመራ ተገቢ ነው። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ፣ እዚያም ዝም ማለቷ ስለማይቀር፣ ስታወራና ስትጫወት በስልክ የቀረጹትን ይዘው ይሂዱ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ስላለው ከዚያ መጀመር ይችላሉ።

እስከዚያው መምህሯ ከፈቀደች ይህን ይሞክሩ። ተማሪዎች ከመግባታቸው በፊት ባዶ ክፍል ውስጥ ሁለታችሁ ብቻ ተጫወቱ። ልጅዎ ድምፅ ማውጣት ስትለምድ መምህሯ በር ላይ ቆማ ደብተር ታርም፤ በሌላ ቀን ጥቂት ትጠጋ፤ ዓይኗን ግን ልጅቷ ላይ አትትከል። ሳምንታት የሚፈጅ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ቤቱ አፋን ኦሮሞ ብቻ የሚናገር ተማሪዬ በአማርኛ በሚሰጠው ክፍል ሁለት ወር ዝም ብሏል። ይህም ሕመም ነው? (መምህር፣ ከኮጪ)

መልስ፦ በእረፍት ሰዓት ከጓደኞቹ ጋር በአፋን ኦሮሞ የሚያወራ ከሆነ ሕመም የለበትም፤ ቋንቋ እየለመደ ነው። በገዛ ቋንቋውም ከማንም ጋር የማይነጋገር ከሆነ ግን፣ የትምህርት መጀመሪያ ወር ስላለፈ፣ ከወላጆቹ ጋር ይመካከሩ።

ጥያቄ፦ 29 ዓመቴ ነው። እጮኛዬ «ምን ተሰማህ?» ስትለኝ የምመልሰው ይጠፋኛል። ደረቴን ሲወጋኝ ሦስት ጊዜ ተመርምሬ ምንም አልተገኘብኝም፤ በወንድሜ ተናድጄ እንደነበር የገባኝ ከሳምንት በኋላ ነው። ኦቲዝም አለብኝ ማለት ነው? (ከሜንቲና)

መልስ፦ ከዚህ ብቻ ተነሥቶ እንዲያ ማለት አይቻልም። የገለጹት አሌክሲታይሚያ የሚባለውን ይመስላል፤ ስሙን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ትውልደ ግሪካዊው ሐኪም ፒተር ሲፍኒዮስ ሲሆን፣ በግሪክኛ ለስሜት ቃል ማጣትን ያመለክታል። ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን የሰው ጠባይ አንድ ገጽታ ነው፤ ከ10 ሰው አንዱ ላይ ገደማ ይገኛል። የእኛ ቋንቋ ስሜትን በአካል መግለጽ ስለሚወድ ነገሩ እንዳያምታታዎት፦ «ሆዴ ባባ»፣ «አንጀቴ ራሰ» የሚል ሰው ምን እንደተሰማው አሳምሮ ያውቃል። እርስዎ ግን ሕመሙን ብቻ አግኝተው ንዴቱን ያገኙት ከሳምንት በኋላ ነው። ለመለኪያ በብዛት የሚያገለግለው 20 ጥያቄ ያለው የቶሮንቶ መጠይቅ ነው፤ ስሜቱን የማያውቀውን ሰው ስለ ስሜቱ መጠየቁ ግን ሁልጊዜ ፈገግ ያሰኘኛል። ለእጮኛዎ «አሁን አላወቅሁትም፣ ነገ ልንገርሽ» ብለው በማግስቱ መመለስ ነውር የለበትም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሦስቱ ነገሮች፣ ኦቲዝም፣ ሰሌክቲቭ ሚውቲዝምና አሌክሲታይሚያ፣ ግንኙነት አላቸው? (የነርሲንግ ተማሪ)

መልስ፦ ግንኙነት አላቸው፣ ነገር ግን የሦስቱም መተሳሰሪያ እኩል አልጠነከረም። በጣም የተረጋገጠው የኦቲዝምና የአሌክሲታይሚያ ነው፦ በ2019 የቀደሙ ጥናቶችን የሰበሰበ ትንታኔ፣ ኦቲዝም ካላቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ፣ ከሌላቸው ደግሞ 5 በመቶ ገደማ አሌክሲታይሚያ እንዳለባቸው አሳይቷል። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ጄፍሪ በርድና ባልደረቦቹም ለኦቲዝም የሚሰጠው «የሌላውን ስሜት አለመረዳት» በአብዛኛው ከአሌክሲታይሚያ የሚመጣ ነው ብለው ይከራከራሉ፤ ኦቲዝም ካላቸው የቀረው ግማሽ አሌክሲታይሚያ ስለሌለበት ክርክራቸው ለእኔ ሚዛን ይደፋል።

ኦቲዝምንና ሰሌክቲቭ ሚውቲዝምን በተመለከተ፣ በስዊድን በ2018 የታተመ ጥናት ከመረመራቸው 97 ልጆች 63 በመቶው ሁለቱም እንዳሉባቸው አግኝቷል። ልጆቹ ወደ ልዩ ክሊኒክ የተላኩ ስለነበሩ ቁጥሩን ዝም ለሚል ልጅ ሁሉ ማዋል አይገባም። ነገር ግን ከላይ የጠቀስኩት የአሜሪካ የምርመራ መመሪያ ዝምታው በኦቲዝም ሂደት ውስጥ ብቻ የሚታይ ከሆነ ሰሌክቲቭ ሚውቲዝም እንዳይባል ስለሚያዝ፣ አንዱን ያገኘ ሐኪም ሌላውን መፈለግ ማቆሙ የተለመደ ነው። የአሌክሲታይሚያና የሰሌክቲቭ ሚውቲዝም ቀጥተኛ ዝምድና ግን ብዙም አልተጠናም። መጨነቁን የማያውቅ ልጅ እርዳታ ለመጠየቅ መቸገሩ አይቀርም ብሎ ማሰብ ይቻላል፤ ይህ ግን የእኔ ግምት ነው።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄ እንግዳ ፊት አፏን ትዘጋለች። ስንቆጣት ይባስ ትሸሸጋለች፤ ከረሜላም ብናሳያት እምቢ አለች። (አያት፣ ከጅሬን)

መልስ፦ እማማ፣ ቁጣውንም ከረሜላውንም ይተዉት። ቡና ሲፈላ እንግዳው «ስምሽ ማነው? ምላስ የለሽም እንዴ?» ሲላት ቤቱ ሁሉ አፍ አፏን ያያል። ከዚያ ይልቅ ፈንድሻውን እንድታዞር ይስጧት፤ እንግዳው አመስግኖ ወደ ወሬው ይመለስ። ጥያቄ ካስፈለገ «ነጩን ወይስ ቀዩን ስኒ?» ዓይነት ይሁን፤ አምስት ስድስት ሰከንድ ጠብቁላት፣ በጣቷ ብታሳይም መልስ ነው።