ሱሪህን የሚጨርሰው ጨርቁ ሳይሆን ቅዱ ነው

አንድ ወጣት ከመሐል ሜዳ ጽፎልኛል። እንግዶችን ይዞ ወደ መንዝ ጓሳ ደጋ ይወጣል። አንዳንዴም ፈቃድ ካላቸው አዳኞች ጋር ወደ አርሲና ባሌ እየሄደ ዕቃ ይይዛል። እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ በአንድ ዓመት ሦስት ሱሪ ጨረስኩ። ሦስቱም የተቀደዱት እግር መሃል ላይ ነው። የመጀመሪያው ጂንስ ነበር፤ ሁለተኛው ሰልባጅ፤ ሦስተኛው ስትሬች። ስትሬቹን አሰፍቼው ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ከስፌቱ ጎን ተተረተረ። ጭኔንም እየፋቀ ያቆስለኛል። ዳገት ላይ ደግሞ ወገቡ ወደ ታች ይወርድብኛል። የትኛውን ጠንካራ ጨርቅ ልግዛ?»

ደብዳቤህን አንብቤ ሳልጨርስ ነው የጠረጠርኩት። ሦስት ዓይነት ጨርቅ አንድ ቦታ ላይ ከተቀደደ ጥፋቱ የጨርቁ አይደለም። የቅዱ ነው፤ ጨርቁ የተቆረጠበት ቅርጽ ማለቴ ነው። ወገቡ ይወርድብኛል ማለትህ ደግሞ ጥርጣሬዬን አጠናከረው። ስለዚህ ገንዘብህን ይዘህ ጠንካራ ጨርቅ ፍለጋ አትሩጥ። እግር መሃሉ የሚያፈናፍን ሱሪ ነው የሚያስፈልግህ።

አሁኑኑ ሞክረው። የቀረህን ሱሪ ልበስና አንድ እግርህን ወንበር ላይ አውጣ። ወገቡ ከኋላ ከወረደ ወይም ጉልበትህ ላይ ጨርቁ ከተወጠረ፣ ያ ሱሪ ለቢሮ እንጂ ለጣርማ በር ዳገት አልተሰፋም። ሱቅ ውስጥም እንደዚሁ አድርግ። ሻጩ ቢያይህ ይይህ። ቁጢጥ በል፣ እግርህን አንሳ፣ ከዚያ ክፈል።

«አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ግዛ» የሚሉህን አትስማ። ወገቡ ሲሰፋ ሱሪው ይወርዳል። ሱሪው ሲወርድ መሃሉ ወደ ጉልበትህ ይጠጋል። መሃሉ ዝቅ ባለ ቁጥር ደግሞ እርምጃህ ይታሰራል፤ ጉተቱም ይብሳል።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሠኝ፤ ይህን ነገር ሳላስረዳ ማለፍ አልችልም። ሱሪህን ገልብጠህ እግር መሃሉን እየው። አራት ስፌቶች አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። አንዱ ከፊት ከዚፑ ይወርዳል፣ አንዱ ከኋላ ከመቀመጫው ይመጣል፣ ሁለቱ ከግራና ከቀኝ እግር ይወጣሉ። መስቀል ሠርተዋል። ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ስትረግጥ አራቱም አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ያቺን ነጥብ ይጎትታል። ነጥቧ ከጣት ጥፍር አትበልጥም። ሸክምህ፣ እርምጃህ፣ ላብህ፣ ሁሉም እሷ ላይ ነው የሚያርፈው።

ሁለተኛው ነገር የመርፌ ቀዳዳ ነው። የደረሰኝ ጥራዝ አይተህ የለም? ቅጠሉ በቀዳዳው መስመር ላይ ቅድድ የሚለው ወረቀቱ ደካማ ሆኖ አይደለም፤ ቀዳዳዎቹ ተደርድረውበት ነው። ስፌትም ጨርቅን ይበሳል። አንድ ጊዜ በልኩ ብትሰፋው ክሩ የበሳውን ይይዛል። ስትሬችህን የጠገነልህ ሰው ግን፣ እንደ ነገርከኝ፣ አራት አምስት ጊዜ እየተመላለሰ ነድቶበታል። ከውስጥም ደረቅ ጨርቅ ለጥፎበታል። ያንን ጨርቅ ወንፊት አደረገው ማለት ነው። የተለጠፈው አይሳብም፣ ዙሪያው ግን ይሳባል። ጉተቱ የት ሄዶ ያርፋል? ከጥገናው ጎን። የተተረተረው እዚያ ነው። ጭንህን የሚፍቀውም ያው ጉብ ያለ ጥገና ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ያናድደኛል። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ቁስል ይዞ ይሄዳል።

ሦስተኛው የጨርቁ አቅጣጫ ነው። አንድ ቁራጭ አቡጀዴ ያዝ። በርዝመቱ ሳበው፤ አይሰጥም። በወርዱ ሳበው፤ ያው ነው። አሁን ከጫፍ ወደ ጫፍ በሰያፍ ሳበው። ይሰጣል! ክሮቹ ሳይበጠሱ ዘመም ይላሉ። እግር መሃል ላይ በሰያፍ የሚጎተት ቁራጭ ብታስገባ፣ ያለ ምንም ላስቲክ ጨርቁ ራሱ ይሰጥልሃል። መስቀሉም ይፈርሳል፤ የፊቱና የኋላው ስፌት ከዚያ በኋላ አንድ ቦታ አይገናኙም። አባቶቻችን ተነፋነፍ ለብሰው በበቅሎም በእግርም ገደሉን የወጡት ለጌጥ አይደለም። ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ሆኖ ነው የተቀደደው።

እንግዲህ ስትሬቹን አትጣለው። የልብስ መኪና ካለህ ወይም የሚሰፋልህ ሰው ካገኘህ ይድናል። መጀመሪያ ያንን የተለጠፈ ጨርቅና የተከመረውን ክር በምላጭ ፍታ። የውስጥ እግሩን ስፌት ከመስቀሉ ጀምረህ ወደ ግራ 12፣ ወደ ቀኝ 12 ሴንቲ ሜትር ክፈት። የፊቱንና የኋላውን ስፌት አትንካ። የተተረተረውን ጠርዝ እስከ ጤነኛው ጨርቅ ድረስ በመቀስ አስተካክል። ከዚያ እንደ ካራሜላ መሃሉ ሰፊ፣ ሁለት ጫፉ ሹል የሆነ ባለ አራት ጎን ቁራጭ ሣል። አራቱም ጎኖቹ 12 ሴንቲ ሜትር ይሁኑ፣ ወርዱ መሃል ላይ 8። እንዲህ ከሆነ ርዝመቱ 22.5 ገደማ ይመጣል። ከጠርዙ ብዙ ከቆረጥክ ወርዱን በዚያው ልክ ጨምር። ለስፌት ዙሪያውን 1.5 ተውና ቁረጥ። ሹሎቹ ጫፎች ወደ ጉልበት፣ ሰፋፊዎቹ ማዕዘኖች ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሂዱ፤ የፊቱ ስፌት አንዱ ማዕዘን ላይ፣ የኋላው ሌላው ላይ ይረፍ። ማዕዘን ላይ ስትደርስ መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንዳለ የመኪናውን እግር አንሳና ጨርቁን አዙር። ጠርዙን ዘምዝመው፣ ወደ አንድ ጎን አስተኛው፣ ከላይ አንድ ጊዜ ብቻ ስፋበት። አንድ ጊዜ! ሥጋህ የሚነካው ጠፍጣፋ መሆን አለበት።

ቁራጩ ከሱሪው ጨርቅ እንዳይከብድ። መርፌው 16 ቁጥር ይሁን፣ ለስትሬች ግን የስትሬች መርፌ ጠይቅ። የአንዱ ስፌት ርዝመት 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ክሩን ፖሊስተር አድርግ። ገበያ ላይ በቅናሽ የሚሸጥ የሚያብለጨልጭ ክር አለ፤ በሁለት እጅህ ያዝና ንጠቀው። ጥት ብሎ ከተበጠሰ መልሰው። በአንድ ክር የተነሳ ስንት ጥሩ ሱሪ ተበላሽቶ አይቻለሁ። ርካሽ ዚፕም እንደዚሁ ነው፤ ጥርሱ ከጨርቁ ቀድሞ ያልቃል፣ እብርድ ላይ ደግሞ ጨርሶ አይታዘዝም።

አዲስ የምትገዛ ከሆነ፣ ጂንስን ለጓሳ እርሳው። ጠዋት ስትወጣ የጓሳ ሣሩ ጤዛ እስከ ጉልበትህ ያርስሃል። ጥጥ ውኃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ቶሎ አይደርቅም። ከ3,200 ሜትር በላይ ነፋስ እየነፈሰብህ እርጥብ ጂንስ ለብሰህ መዋል በሽታ መግዛት ነው። 65 በመቶ ፖሊስተር 35 በመቶ ጥጥ የሆነ ካኪ ፈልግ፤ በካሬ ሜትር ከ220 እስከ 280 ግራም የሚመዝን። በትናንሽ ካሬ የተሸመነ ከሆነ ደግሞ እሰየው፤ ቀጋ ቢወጋው ቀዳዳው አይስፋፋም። የወታደር መለዮ የሚመስለውን ዝንጉርጉር ግን ተወው፤ ኬላ ላይ ጣጣ ያመጣብሃል።

ሰልባጅ ላይ ምልክቱ ተቆርጦ ከሆነ ከውስጥ አንድ ክር ምዘዝ። ውጭ ወጥተህ በወረንጦ ያዝና ላይተር አስጠጋው። የተቃጠለ ወረቀት ከሸተተና ረግፎ ዐመድ ከሆነ ጥጥ ነው። ቀልጦ ጥቁር ጠንካራ ፍሬ ከሠራ ፖሊስተር ወይም ናይለን ነው። ያንን ፍሬ ሲበርድ በጣትህ ነካ አድርገው። ጠጠር ነው።

አሁን ያ ጠጠር ቆዳህ ላይ ነው በል። ለዚህ ነው እሳት አጠገብ በናይለን ሱሪ አትቀመጥ የምለው። የጓሳ ሌሊት ውርጭ ነው፤ ሰው ሳያስበው ወደ ፍሙ ይጠጋል። አንድ ልጅ እግሩን ዘርግቶ እሳት ዳር እንቅልፍ ወስዶት ሱሪውን ይዞልኝ መጥቶ ነበር፣ እንድጠግንለት። ጉልበቱ ላይ ያለው ጨርቅ እንደ ሻማ ቀልጦ ደርቋል። የቆዳው ቅራፊ አብሮ ነበር። ቅልቅሉም አያድንም፣ ይቀልጣል። ይህ ከደረሰብህ የተጣበቀውን ጨርቅ አትላጠው። ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ አፍስበትና ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ። ቅቤም፣ የጥርስ ሳሙናም አትቀባው። ማታ ማታ ጭንህ ላይ ባና፣ ያንን የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ጣል አድርግ። የመንዝ ሰው የሱፍ በርኖሱን ለብሶ እሳት ዳር የሚያመሸው በከንቱ አይደለም፤ ሱፍ አይቀልጥም፣ ረጥቦም ሙቀት ይይዛል።

ለአደኑ ጉዞ የምጨምርልህ አንድ ነገር ነው። ሁለቱን የሱሪ እግሮች ጆሮህ አጠገብ አፋትጋቸው። ሽው ሽው ካለ አትግዛው። የደጋ አጋዘን ያንን ድምፅ አንተ አጋዘኑን ሳታየው ይሰማዋል። ለእሾሁ ብለህ ወፍራም ናይለን ሱሪ ውስጥም አትግባ፤ ይጮኻል፣ ያልብሃል፣ እሳት ዳርም ያው የነገርኩህ አደጋ አለ። ለእሾህና ለጤዛ የሚሻለው ቀላል ሱሪ ለብሶ ከጉልበት በታች ገምባሌ ማሰር ነው። የጨረስከው ጂንስ አለ አይደል? ከጉልበት በታች ያለው ጨርቅ ገና ደህና ነው። 35 ሴንቲ ሜትር ቁመት ቁረጥ፣ የጎኑን ስፌት ፍታ፣ ጠርዙን አጥፈህ ስፋ፣ ከላይና ከታች ማሰሪያ ግጠም። ሲረጥብ ፈትተህ ታሰጣዋለህ፤ ሱሪህ ደረቅ ይቆያል። ማሰሪያው ግን የጫማ ክር ሳይሆን ሰፋ ያለ ጥብጣብ ይሁን፤ ቀጭን ክር ባትህን ያርደዋል።