ከጠረግሽ በኋላም እግር የሚወጋው ስባሪ

ከድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር አንዲት እናት ጠይቃኛለች። ነፋስ የሳሎኑን መስኮት አጋጭቶት መስታወቱ ረገፈ፣ ደጋግማ ጠረገችው፣ በማግስቱ ግን የሚድኸው ልጇ ሱሪ ላይ ስባሪ ተሰክቶ አገኘች። ምን ላድርግ ነው የምትለው።

እህቴ፣ ጥፋቱ የመጥረጊያሽ ነው። የሣር መጥረጊያ ትልልቁን ይሰበስብልሻል፣ ደቃቁን ግን በመሀሉ ይዞ መኝታ ቤት ድረስ ያደርስልሻል። መስታወት ደግሞ የወደቀበት ቦታ ብቻ አይቀርም፣ ሶፋ ሥርም ፍሪጅ ሥርም ይገባል። እኛ ድሬዎች በዚህ ሙቀት ቤት ውስጥ ባዶ እግራችንን ነን፤ የጫት በርጫ ያለበት ቤትማ ፍራሹም ትራሱም መሬት ላይ ነው።

ከወለሉ አትጀምሪ፣ ከመስኮቱ ጀምሪ። ፍሬሙ ላይ የቀረ ስባሪ ካለ መስኮቱ በተዘጋ ቁጥር እየረገፈ ሥራሽን ከንቱ ያደርገዋል። ልጁን ለጎረቤት ስጪና ሸበጥ ሳይሆን ድፍን ጫማ አድርጊ። ጓንቱ ወፍራም ይሁን፤ የዕቃ ማጠቢያው የጎማ ጓንት አይረባም፣ መስታወት ይቀደዋል። የቀረው ላይ ሰፊ ፕላስተር ለጥፊበትና ከላይ ወደ ታች፣ ቀስ እያልሽ እየነቀነቅሽ አውጪው። ከታች ከጀመርሽ የላይኛው እጅሽ ላይ ነው የሚወርደው። መስታወቱን የያዘው ስቱኮ ደርቆ አልለቅ ካለሽ ግን አቦ አትታገዪው፣ ባለሙያ ጥሪ።

ወለሉ ላይ ትልልቁን በካርቶን ቁራጭ ገፍተሽ ማፈሻው ላይ አድርጊ። ለደቃቁ አሮጌ ጨርቅ ወይም ወፈር ያለ ሶፍት አርጥበሽ ወለሉ ላይ ጫን እያደረግሽ አንሺው፤ እንዳትፈትጊ። ጨርቁን ከነስባሪው ጣይው፣ አጥቤ እጠቀምበታለሁ ብለሽ እንዳታስቢ፣ ውስጡ የገባው አይወጣም። ሲመሽ መብራቱን አጥፊና የስልክሽን ባትሪ ወለሉ ላይ አስተኝተሽ አብሪ። ብርሃኑ መሬት ለመሬት ሲሄድ ከላይ ብታበሪ የማታያት ደቃቅ ሁሉ ብልጭ ትልልሻለች። እኔ ሰው ቤት መስታወት ገጥሜ ስጨርስ ሳላበራ አልወጣም።

ምንጣፉን ሳሎን ውስጥ እንዳታራግፊው። ጠቅልለሽ ግቢ አውጪው፣ ጆንያ አንጥፊና ፊቱን ወደ ታች ዘርግተሽ ከጀርባው ምቺው። ከዚያ ፊቱ ላይ የቀረውን በፕላስተር ማጣበቂያ በኩል እየተጫንሽ አንሺ። የልጁን ሱሪና የፍራሹን ጨርቅም እንደዚሁ ሳታዪ ወደ ልብስ ማጠቢያ ማሽን አትክተቺ።

ቆዳ ላይ ጫፉ የሚታይ ትንሽ ስባሪ ካለ በሳሙናና በውኃ አጥበሽ በንጹሕ ወረንጦ አውጪው። ጠልቆ የተተከለ ትልቅ ከሆነ ግን አትንቀዪው፣ ደሙ ሊብስ ይችላል። ዙሪያውን በጨርቅ ደግፈሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ጠይቂ።

የሰበሰብሽውን ባዶ ፌስታል ውስጥ እንዳትጥይው። ካርቶን ውስጥ አድርገሽ እሰሪና «መስታወት» ብለሽ ጻፊበት፤ ቆሻሻ የሚያነሱት ልጆች ማዳበሪያውን በጀርባቸው ነው የሚሸከሙት።

አዲስ ስታስገጥሚ ደግሞ ስፋቱን ከላይም ከመሀልም ከታችም፣ ቁመቱንም በሁለቱም ጎን ለኪ። የብረት ፍሬም ቀጥ ያለ ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ የተጣመመ ነው። ትንሹን ቁጥር ያዢና ከስፋቱም ከቁመቱም 3 ሚሊ ሜትር ቀንሰሽ አስቆርጪ፣ ልክክ ብሎ የገባ መስታወት ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅበት መላወሻ አጥቶ ሊሰነጠቅ ይችላል።