የቤት ኤጀንት ነኝ፣ ኦንላይን ስለምንሰጠው ምክር ጠይቁኝ

ሰላም ናችሁ። ቤት በማሻሻጥ ስራ ብዙ አመት ቆይቻለሁ። ሰሞኑን የሙያ ጓደኞቼ ሶሻል ሚዲያ ላይ የሚለቁትን ምክር ሳይ ዝም ማለት አቃተኝ። ገዢም ሁኑ ኤጀንት ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ አንድ ኤጀንት ቪዲዮ ላይ "የቤት ዋጋ መቼም አይወርድም" ሲል ሰማሁት፣ እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ጃፓን ውስጥ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ) መጀመሪያ ጀምሮ የመሬት ዋጋ ከአስር አመት በላይ ሲወርድ ነው የኖረው፣ አሜሪካም ከ2006 (እ.ኤ.አ) በኋላ የቤት ዋጋ እንዴት እንደወረደ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ልጁ ሊዋሽ ፈልጎ ላይሆን ይችላል፣ እሱ በሰራባቸው አመታት ሲወርድ ስላላየ ነው፣ ግን ሰው እሱን አምኖ ነው የሚበደረው።

ጥያቄ፦ "ለኪራይ የምትከፍለውን ለባንክ ብትከፍል የራስህ ይሆናል" ተባልኩ፣ ምን ትላለህ?

መልስ፦ ይሄ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ሂሳቡን ሰርቶ ያሳየ የለም። 100 ሺህ በ7 በመቶ ቋሚ ወለድ ለ30 አመት ተበደርክ እንበል፣ በወር 665 ገደማ ነው የምትከፍለው፣ ከሱ ውስጥ ግን የመጀመሪያው ወር 583ቱ ወለድ ነው፣ ከዋናው ብድር የምትቀንሰው 82 ብቻ። አመቱን ሙሉ ወደ 8 ሺህ ከፍለህ እዳህ የሚቀንሰው በአንድ ሺህ ገደማ ነው። እድሳቱና ግብሩ ገና አልተነካም። አትግዛ እያልኩህ አይደለም፣ ብዙ አመት የምትኖርበት ከሆነ ሊያዋጣህ ይችላል፣ በሁለት አመት ልትሸጠው ከሆነ ግን ደህና አድርገህ አስላ።

ጥያቄ፦ እኔም ኤጀንት ነኝ። የውል ጥያቄ ሲመጣብኝ ካልመለስኩ "አያውቅም" እንዳይሉኝ እፈራለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ እኔም እንደዛው ነበርኩ። አንዴ አንድ ሰው "ካርታው በሻጩ ስም ነው፣ ቀብድ ልክፈል ወይ?" ብሎ ጻፈልኝ፣ እኔም መንገድ ላይ እየሄድኩ በስልኬ "በስሙ ከሆነ ችግር የለውም" አልኩት። ሻጩ ባለትዳር ነው ወይ ብዬ እንኳን አልጠየቅኩም። ቤቱ በትዳር ውስጥ የተገዛ ነበር፣ ሚስትየው አልፈርምም አለች፣ ሰውየው ቀብዱን ለማስመለስ ወራት ተንከራተተ። ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩት፣ "አንተ ታውቃለህ ብዬ ነው እኮ" ነው ያለኝ። ከዛ በኋላ እሱም ዘመዶቹም አንድ ቤት እንኳን በኔ በኩል አልገዙም፣ ደግሞ ልክ ናቸው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ምን ብዬ ልመልስ?

መልስ፦ መጀመሪያ ጠይቅ፣ የት አገር ነው፣ ሻጩ ማነው፣ እዳ ወይም እገዳ አለበት ወይ። የህጉን ለጠበቃ፣ የግብሩን ለሂሳብ ባለሙያ ምራው። በቀደም አንዱ የግድግዳ ስንጥቅ ፎቶ ልኮ አንድ ኤጀንት "ቀለም ይሸፍነዋል" ብሎ መለሰለት፣ ስንጥቁ ግን ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ ብሎኬቱን ተከትሎ እንደ ደረጃ ነው የሚወርደው፣ እንደዛ ያለው ከመሰረቱ መስመጥ ሊመጣ ስለሚችል ኢንጂነር ሳያየው ቤቱ አይገዛም። አንተ አብረኸው ሄደህ የምታሳየው፣ በሰፈሩ ስንት እንደተሸጠ የምትነግረው፣ እሱ ላይ ማንም አይበልጥህም።

ጥያቄ፦ ድሮ የጻፍኩት ስህተት አለ፣ ላጥፋው?

መልስ፦ ዝም ብለህ አታጥፋው። እዛው ስር ስህተቱን ጻፍ፣ የጠየቀህን ሰው ደግሞ ዛሬውኑ ደውልለት፣ ገና አልፈረመም ይሆናል።