ሌክሰስ ልግዛ ወይስ ቶዮታው ይበቃኛል? የቤተሰብ ኤስዩቪ ጥያቄና መልስ

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያላችሁ ቤተሰቦች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አንድ ነው። ልጅ ተጨመረ፣ ሴዳኗ ጠበበች። ታዲያ ወደ 60,000 ዶላር አውጥተን ሌክሰስ እንግዛ ወይስ በ45,000 ቶዮታውን እንያዝ? መኪና መሸጫ ውስጥ የፋይናንስ ጠረጴዛ ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ። አሁን ከሥራው ወጥቻለሁ፣ ከማንም ኮሚሽን የለኝም። ስለዚህ የማውቀውን በግልጽ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሌክሰስ ቲኤክስና ቶዮታ ግራንድ ሃይላንደር ውስጣቸው አንድ ነው ይባላል። እውነት ነው?

በአብዛኛው እውነት ነው። ሁለቱም በ2024 ሞዴል የመጡ ናቸው። የሚገጣጠሙትም እዚሁ አሜሪካ፣ ኢንዲያና ውስጥ ፕሪንስተን በሚባል ከተማ ነው። መሠረታቸው አንድ ነው። የቲኤክስ 350 ሞተርም ግራንድ ሃይላንደር ላይ ያለው ባለ 2.4 ሊትር ቱርቦ ነው። ራሱ ፍሬን የሚይዘውና መስመር የሚጠብቀው የደኅንነት ሥርዓትም ስሙ ይለያይ እንጂ የአንድ ትውልድ ነው፤ ቶዮታው ላይም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይመጣል።

ታዲያ ትርፉ ገንዘብ የት ይሄዳል? አንደኛ ጸጥታ ነው። ሌክሰሱ ውስጥ የመንገድና የንፋስ ድምፅ በደንብ ይቀንሳል። ሁለተኛ ወንበሩ፣ በሩ፣ እጅ የሚነካው ሁሉ ይለሰልሳል። ሦስተኛ ዋስትናው ይረዝማል። ቶዮታ ለጠቅላላው መኪና 3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል፣ ለሞተርና ለካምቢዮ 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ይሰጣል። ሌክሰስ 4 ዓመት ወይም 50,000፣ ለሞተርና ለካምቢዮ ደግሞ 6 ዓመት ወይም 70,000 ነው። አራተኛው አርማው ነው። እሱንም የሚፈልግ ሰው አለ፤ አልነቅፍም።

ቦታ ግን አይጨምርም። እንዲያውም ቶዮታው እስከ 8 ሰው የሚይዝ ሆኖ ይመጣል፤ ሌክሰሱ ከ7 አያልፍም። አራት ልጅ ኖሯችሁ ሁለቱም አያቶች አብረዋችሁ የሚኖሩ ከሆነ ይህች አንዲት ወንበር ከቆዳው ትበልጣለች።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሌክሰስ ካልሆነ ትላለች፣ እኔ ቶዮታ እላለሁ። ማን ነው ትክክል? (ከአሌክሳንድሪያ)

ወንድሜ፣ በዚህ ዳኛ አልሆንም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። በቀን መኪናው ውስጥ ብዙ ሰዓት የሚቀመጠው ማን ነው? እሷ ከሥራ ወደ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ወደ ዋና፣ ከዚያ ወደ ቤት ስትል በ495 አውራ ጎዳና ላይ ሁለት ሰዓት ቆማ የምትውል ከሆነ ጸጥታው ለእሷ ቅንጦት አይደለም። ሰው ደክሞት ሲገባና ሳይደክመው ሲገባ ቤት ውስጥ ልዩነቱ ይታያል። መኪናው በሳምንት ሁለቴ ብቻ የሚነሳ ከሆነ ግን 15,000 ዶላሩን ለሌላ ጉዳይ አውሉት።

ሁለታችሁም ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱ። መኪናውን በምትመላለሱበት መንገድ ንዱት፤ ሻጩ በመረጠላችሁ መንገድ አይሁን። አንተ ራስህ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ገብተህ ለአሥር ደቂቃ ተቀመጥ።

ጥያቄ፦ ወርሃዊ ክፍያው 940 ዶላር ነው አሉኝ። ይከብዳል?

ወርሃዊ ክፍያ ብቻውን ምንም አይነግርህም። ሻጩ መጀመሪያ "በወር ስንት መክፈል ትችላለህ?" ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። 55,000 ዶላር በ7 ከመቶ ወለድ ለ72 ወር ብትበደር በወር 940 ገደማ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ወለዱ ብቻ 12,500 ዶላር አካባቢ ይሆናል። 40,000 በዚሁ ወለድ ለ60 ወር ቢሆን በወር 790 ገደማ ከፍለህ አንድ ዓመት ቀድመህ ትገላገላለህ።

አንድ ነገር ብቻ ጠይቅ፦ "ታክሱም፣ ታርጋውም፣ የወረቀት ክፍያውም ተደምሮ ይዤው ልወጣ ስንት ነው?" ይህን ቁጥር በኢሜይል ያስቀምጡልህ። ከዚያ ናይትሮጅን ጎማ፣ የቀለም መከላከያ፣ መስታወት ላይ ቁጥር መቅረጽ የሚሉ መስመሮች ካየህ አስወጣቸው። እኔ በነበርኩበት ጠረጴዛ ላይ ትርፉ በብዛት የሚገኘው ከእነዚህ ነበር። ብድሩንም ወደዚያ ከመሄድህ በፊት ከራስህ ባንክ ወይም ክሬዲት ዩኒየን አስፈቅደህ ሂድ።

ጥያቄ፦ እቁብ ወጥቶልኝ 20,000 ዶላር በእጄ አለ። ሁሉንም ዳውን (ቅድመ ክፍያ) ላድርገው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። የእቁብ ገንዘብ ወለድ የለውም፣ ግን ዕዳ ነው። የቀሩትን ወራት ትከፍያለሽ፤ ከዚያ ላይ የመኪናው ክፍያ ሲደመር አስቢው። ሁለቱ በአንድ ወር የሚጋጩ ከሆነ ሁሉንም አታስገቢ። ሦስት ወር የምትኖሪበትን ለይተሽ የቀረውን ዳውን አድርጊ።

ደግሞ 20,000 ዳውን ስላለ ወደ ውዱ መኪና መውጣት አለብኝ አትበይ። በዚያው ገንዘብ የቶዮታውን ግማሽ ያህል ትዘጊያለሽ።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ስለ መኪና ታክሱ ንገረን።

ይህን ሰው ይረሳዋል፣ ከዚያ በመከር ቢሉ ሲመጣ ይደነግጣል። ቨርጂኒያ ውስጥ ካውንቲው በየዓመቱ በመኪናው ዋጋ ልክ ያስከፍላል። ፌርፋክስ ካውንቲ በየ100 ዶላሩ 4 ዶላር አካባቢ ነው። ከመጀመሪያው 20,000 ላይ ቅናሽ አለ፤ ከዚያ በላይ ያለውን ሙሉውን ትከፍላለህ። ስለዚህ ውድ መኪና ቅናሹ በማይደርስበት በኩል ነው የሚያድገው። 60,000 ተብሎ የተገመተ መኪና በመጀመሪያው ዓመት 2,000 ዶላር ሊያስከፍልህ ይችላል። ከ45,000ው ጋር ያለው ልዩነት በዓመት 600 ዶላር አካባቢ ነው። መኪናው ሲያረጅ ይቀንሳል።

ሜሪላንድ እንዲህ ያለ የየዓመት ታክስ የለባትም። ግን ስትገዛ የምትከፍለው ከቨርጂኒያ ይበልጣል፤ ከሐምሌ 2025 ወዲህ 6.5 ከመቶ ነው፣ ቨርጂኒያ 4.15 ነው። ዲሲ ደግሞ በክብደት ታስከፍላለች፤ ከባድ ኤስዩቪ እዚያ ይቀጣል።

ጥያቄ፦ ነዳጁስ?

ለቲኤክስ 350 ፋብሪካው የሚለው ፕሪሚየም ነዳጅ ነው። በጋሎን 23 ማይል ይሄዳል። ቤንዚንና ኤሌክትሪክ አጣምሮ የሚሠራው ግራንድ ሃይላንደር ሃይብሪድ፣ አራቱም ጎማ የሚነዳው፣ 34 ገደማ ይሄዳል፣ ተራ ነዳጅ ይበቃዋል። በዓመት 12,000 ማይል ብትነዱ፣ ተራውን 3.20 ፕሪሚየሙን 4.20 ብለን ብናሰላ፣ አንዱ 2,190 ሌላው 1,130 ዶላር ይመጣል። በዓመት ከ1,000 ዶላር በላይ ልዩነት ነው። እኔ ለቤተሰብ ምረጥ ብባል ያለማመንታት ሃይብሪዱን ነው። የሃይብሪዱ ባትሪ ለ10 ዓመት ወይም ለ150,000 ማይል ዋስትና አለው፤ "ባትሪው ቢሞትስ?" የሚለው ፍርሃት ከሚገባው በላይ ተወርቷል።

ጥያቄ፦ እኔ የምመኘው ሌክሰስ ጂኤክስ ነው። ካልሆነም ላንድ ክሩዘር። ምን ትላለህ?

ምኞትህ ይገባኛል። ላንድ ክሩዘር አገር ቤት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ግን በአሜሪካ የሚሸጠው አዲሱ ላንድ ክሩዘር ሦስተኛ ረድፍ ወንበር የለውም፤ 5 ሰው ነው የሚይዘው። ጂኤክስ 550 ሦስተኛ ረድፍ ያለው አለ፣ ግን ጠባብ ነው፤ ወንበሩ ሲነሳ ከኋላው የሚቀረው ቦታ የጥቂት ፌስታል ነው። በጋሎን 17 ማይል ይሄዳል፣ ያውም በፕሪሚየም። ጀልባ ወይም ተጎታች የምትስብ ከሆነ በጣም ጠንካራ መኪና ነው። ለትምህርት ቤትና ለኮስትኮ ግን ከማያስፈልግህ ነገር ጋር ነው የምትኖረው።

ጥያቄ፦ ወላጆቼ በየዓመቱ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። ሻንጣቸው ይገባል ወይ?

ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ፤ ሻጮቹ የማያስቡት ነው። እናትና አባት ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲወጡ እያንዳንዳቸው ሁለት ሻንጣ፣ ላዩ ላይ የእጅ ቦርሳ፣ በርበሬና ሽሮ የታሸገበት ካርቶን ይዘው ነው። አቀባበል ደግሞ ማንም ቤት መቅረት አይፈልግም። ሦስተኛውን ረድፍ ሰው ከተቀመጠበት በግራንድ ሃይላንደርም በቲኤክስም ከኋላ የሚቀረው 20 ኪዩቢክ ጫማ ገደማ ነው። አራት ትልልቅ ሻንጣ በቀላሉ አይገባም።

እውነቱን ልንገራችሁ። ችግራችሁ ቦታ ከሆነ መልሱ ኤስዩቪ አይደለም። ቶዮታ ሲየና ነው። እሱም እዚያው ፕሪንስተን ይገጣጠማል። ከ2021 ሞዴል ወዲህ ሁሉም ሃይብሪድ ነው፣ የፊት ጎማ የሚነዳው በጋሎን 36 ማይል ይሄዳል፣ ከሦስተኛው ረድፍ ኋላ ያለው ቦታ 33.5 ኪዩቢክ ጫማ ነው። በሩ ተንሸራትቶ ስለሚከፈት ልጅ የጎረቤት መኪና አይጭርም፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አባትም በቀላሉ ይገባሉ። "ቫን ነው" እያላችሁ እንደምትሸሹት አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ግን ንዱት።

ጥያቄ፦ የብድር ወለድ ከታክስ ይቀነሳል የሚሉት እውነት ነው?

አዎ፣ ከ2025 እስከ 2028 ድረስ። መኪናው አዲስ መሆን፣ ለግል መገልገያ መሆንና አሜሪካ ውስጥ የተገጣጠመ መሆን አለበት። በዓመት እስከ 10,000 ዶላር ወለድ ይቀነሳል። ገቢ ከ100,000፣ ለባልና ሚስት ከ200,000 ዶላር ሲያልፍ እየቀነሰ ይሄዳል። ግራንድ ሃይላንደር፣ ቲኤክስና ሲየና ይገባሉ። ጃፓን የሚሠራው ጂኤክስ አይገባም። ግን የሚቀነሰው ከምትከፍሉት ታክስ ሳይሆን ታክስ ከሚሰላበት ገቢ ላይ ነው። በዓመት 3,500 ወለድ ከፍላችሁ 22 ከመቶ ላይ ብትሆኑ የምታተርፉት 770 ዶላር ነው። ለዚህ ተብሎ ውድ መኪና አይገዛም።

ጥያቄ፦ ያገለገለ የጀርመን መኪና በግማሽ ዋጋ አግኝቻለሁ። ልግዛ?

ዋስትናው አልቆ ከሆነ አትግዛ። ዋጋው የወረደው በምክንያት ነው። መኪናው በግማሽ ዋጋ ቢሸጥም መለዋወጫው ግማሽ አይሆንም፤ የአየር ሰስፔንሽኑ (መኪናውን ተሸክሞ ንዝረት የሚቀንሰው) አንድ ጎን ሲበላሽ ታየዋለህ። ያገለገለ የቅንጦት መኪና ከፈለግህ በፋብሪካው ተፈትሾ የሚሸጠውን ሌክሰስ ተመልከት። አራት ዓመቱ ካለቀ በኋላ ተጨማሪ 2 ዓመት ያለ ማይል ገደብ ዋስትና አለው። እንዲያውም "ሌክሰስ ያዋጣል" የምለው በብዛት በዚህ መንገድ ነው። የመጀመሪያውን ትልቅ የዋጋ መውረድ ሌላ ሰው ተሸክሞልሃል።

ጥያቄ፦ ጠዋት ኡበር ብላክ (የኡበር የቅንጦት መኪና አገልግሎት) ልሥራበት፣ ማታ ለቤተሰብ ይሁን ብዬ አስቤያለሁ።

መጀመሪያ ኢንሹራንሱን ጠይቅ። የግል ኢንሹራንስ ለዚህ ሥራ አይከፍልም፣ የንግድ ኢንሹራንስና ፈቃድ ያስፈልጋል። ዋጋውን ሰምተህ ከዚያ ተነስተህ አስላ። ደግሞ የልጆች ወንበር በየቀኑ መፍታትና ማሰር እንዳለብህ አትርሳ።

ጥያቄ፦ ከጥቂት ዓመት በኋላ ጠቅልዬ አገር ቤት ስገባ ይዤው ብሄድስ?

አትቁጠርበት። ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። ሃይብሪድም ቤንዚን ያቃጥላል። እዚህ ሸጠህ ገንዘቡን ይዘህ ግባ።

ጥያቄ፦ ለልጆች ደኅንነት የትኛው ይሻላል?

የስም ጉዳይ አይደለም። አርሊንግተን ያለው የኢንሹራንስ ድርጅቶች የግጭት መፈተሻ ተቋም (IIHS) ከ2022 ወዲህ በአንዱ የፊት ግጭት ፈተና ላይ ከሹፌሩ ኋላ የተቀመጠ ሰውንም ያያል። የምትፈልጉትን ሞዴልና ዓመት ውጤት እዚያ ተመልከቱ፤ ውድ ሆነው ለኋላ ወንበር ያስመዘገቡት ውጤት ደካማ የሆነ አሉ። በ2024 ግራንድ ሃይላንደርና ቲኤክስ በሹፌሩ በኩል ባለው የጎን ኤርባግ ምክንያት ለጥገና ተጠርተው ነበር፣ ሽያጩም ለጊዜው ቆሞ ነበር። የዚያን ዓመት መኪና ያገለገለ ስትገዙ ባለ 17 አሃዙን የሻንሲ ቁጥር የመንግሥት የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት (NHTSA) ድረ ገጽ ላይ አስገቡ። ያልተሠራ ጥሪ ካለ ያሳያችኋል፣ ዲለሩም በነፃ ይሠራዋል። ቁልፉን ከመቀበላችሁ በፊት ያሠሩት።